ዋጋው ይገባዋል ወይ? የአውሮፓ ወይን ጠጆችን ጎን ለጎን ቀምሶ ለመምረጥ

የ8 ዩሮ እና የ28 ዩሮ ጠርሙስ በአንድ መደርደሪያ ላይ ሲታዩ ገዢን የሚያስጨንቀው ነገር አንድ ነው፤ የ20 ዩሮው ልዩነት ያለው ጠርሙሱ ውስጥ ነው ወይስ ወረቀቱ ላይ? አንዳንዱ ልዩነት እውነተኛ ነው፣ ምላስ ያገኘዋል። አንዳንዱ ደግሞ ለስም ብቻ የሚከፈል ነው። ሁለቱን ለመለየት ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ማወቅና ሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን አስቀምጦ መቅመስ ያስፈልጋል። አንድን ወይን ብቻውን ቀምሶ «ይጣፍጣል» ማለት ቀላል ነው። «ይህን ያህል ያወጣል» ለማለት ግን አጠገቡ ሌላ ሊኖር ይገባል። ከዚህ በታች ያለው ምክር በጥንድ በጥንድ የቀረበውም ለዚህ ነው።

ገንዘቡ የሚሄድበት

ለአንድ የ75 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ ከ1 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ የወይን ፍሬ ይበቃል። ይህ በርካሹም በውዱም ያው ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከፍሬው ዋጋ፣ ከማቆያው ጊዜ፣ ከእንጨቱና ከእጅ ሥራው ነው።

መጀመሪያ ፍሬው። ብዙ ዘለላ የተሸከመ ሐረግ ስኳሩንም መዓዛውንም ለሁሉም ስለሚያካፍል ጭማቂው ይቀጥናል። ሕጎቹ በሄክታር ምን ያህል ኪሎ መልቀም እንደሚፈቀድ የሚወስኑት በዚህ ምክንያት ነው። የስፔኑ ሪዮሃ ለቀይ ፍሬ በሄክታር 6,500 ኪሎ ይፈቅዳል፤ የጣሊያኑ ተራ ፕሮሴኮ 18,000 ኪሎ። ሁለቱ የሚሠሩት ለተለያየ ዓላማ ስለሆነ አንዱ ሌላውን ያሸንፋል ማለት አይደለም፤ ግን ሁለተኛው ለምን ሊረክስ እንደሚችል ቁጥሩ ያስረዳል።

ቀጥሎ እንጨቱ። በፈረንሳዩ የወይን አገር በቦርዶ የተለመደው በርሜል 225 ሊትር ይይዛል፣ ይህም 300 ጠርሙስ ነው። አዲስ የፈረንሳይ ኦክ በርሜል በግርድፉ ከ800 እስከ 1,000 ዩሮ ስለሚሸጥ በአንድ ጠርሙስ ላይ 3 ዩሮ ያህል ይጨምራል። የአሜሪካው ኦክ ግማሽ ያህሉን ይወስዳል። እንግዲህ አንድ የ5 ዩሮ ወይን ቫኒላ ቫኒላ እየሸተተ «በኦክ የበሰለ» የሚል ከሆነ መዓዛው የመጣው ከአዲስ በርሜል ሊሆን አይችልም። ጋን ውስጥ ከተነከረ የኦክ ስንጥር ወይም ጣውላ ነው። ስንጥሩን የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ፈቅዶታል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጤናን አይጎዳም፤ ግን አፍንጫ ላይ ጮኾ አፍ ውስጥ ሲገባ ይጠፋል። በርሜል የሠራው ወይን ግን ከቫኒላው በተጨማሪ ታኒኑ፣ ማለትም አፍን የሚያደርቀው ነገር፣ የለዘበ ይሆናል፣ ምክንያቱም በእንጨቱ ቀዳዳ እየሰረገ የሚገባው ጥቂት አየር ሥራውን በወራት ይሠራል።

በመጨረሻ ለሁሉም እኩል የሆነ ወጪ አለ፦ ጠርሙስ፣ ቡሽ፣ ወረቀት፣ ማጓጓዣ፣ የሻጭ ትርፍ፣ በብዙ አገር ደግሞ በመጠን የሚከፈል ቀረጥ። ከ4 ዩሮ ጠርሙስ ላይ ይህ ሁሉ ሲቀነስ ለወይኑ የሚተርፈው ሳንቲም ነው። ከ5 ወደ 12 ዩሮ መውጣት ከሁሉ የሚበልጠውን የጥራት ዝላይ ያመጣል፤ ጭማሪው በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ጠርሙሱ ውስጥ ይገባልና። ከ12 እስከ 25 ዩሮ ያለው የቦታና የጊዜ ልዩነት የሚገዛበት ነው። ከ40 በላይ የሚከፈለው በአብዛኛው ለስምና ለእጥረት ነው፣ በጣም ጥሩ ወይን ቢሆንም እንኳ።

የጠርሙሱ ክብደት፣ የመቀመጫው ጉድጓድ ጥልቀት፣ አንገቱ ላይ የፈሰሰው ሰም ስለ ጥራት ምንም አይናገሩም።

ቀመሳውን ማዘጋጀት

ሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆ ይውሰዱ፤ ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ። በእያንዳንዱ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ይቅዱ፤ ከዚያ ከበዛ ማሽከርከር አይመችም። ጠርሙሶቹን በወረቀት ከረጢት ሸፍነው ሌላ ሰው ይቅዳልዎ። ይህ ጨዋታ አይደለም። በ2001 በታተመ የቦርዶ ተመራማሪዎች ሥራ 54 የወይን ተማሪዎች መዓዛ በሌለው ማቅለሚያ የቀላ ነጭ ወይን ቀርቦላቸው የገለጹት በቀይ ወይን ቃላት ነበር። ዓይን አፍንጫን ይመራል፣ የዋጋ ወረቀት ደግሞ ከዚያ ብሶ ይመራል።

ሙቀቱን ችላ አይበሉ፤ ብዙ ሰው ጥሩ ወይን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። አረፋማውን ከ6 እስከ 10 ዲግሪ፣ ቀለል ያለ ነጭ ከ8 እስከ 10፣ በበርሜል የቆየ ነጭ ከ11 እስከ 13፣ ቀለል ያለ ቀይ ከ13 እስከ 15፣ ከበድ ያለ ቀይ ከ16 እስከ 18። ቀይ ወይን «እንደ ክፍሉ ሙቀት» የሚባለው ማሞቂያ ባልነበረበት ዘመን የተነገረ ነው። በ24 ዲግሪ ሳሎን የቆመ ቀይ ወይን አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል፤ 25 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ። በጣም የቀዘቀዘ ቀይ ደግሞ መዓዛው ይዘጋል፣ ታኒኑም ይደርቃል። ሁለቱ ብርጭቆዎች እኩል ካልቀዘቀዙ እያነጻጸሩ ያሉት ፍሪጁን እንጂ ወይኑን አይደለም።

ሳያሽከረክሩ አንዴ ያሽትቱ፣ አሽከርክረው እንደገና ያሽትቱ። በሁለቱ መካከል አዲስ ነገር ከወጣ መልካም ምልክት ነው። ከዚያ ትንሽ ተጎንጭተው በአፍ ውስጥ ያዙሩትና አራት ነገር ይፈልጉ። ኮምጣጣነቱ ከምላስ ጎን ምራቅ ያመጣል፤ ምራቅ ካልመጣ ወይኑ ልል ነው። ታኒን ድድንና ጉንጭን ያደርቃል፣ ስኳር የሌለው ብዙ የፈላ ሻይ እንደሚያደርገው። የጥሩው ታኒን እንደ ቬሎ ጨርቅ ሲያልፍ የመጥፎው እንደ ጆንያ ይቧጥጣል። አልኮሉ ጉሮሮ ላይ ሙቀት ነው። አራተኛው ጣፋጭነት ሲሆን ከፍሬ መዓዛ ጋር አይምታታ፤ የእንጆሪ ሽታ ያለው ወይን ምንም ስኳር ላይኖረው ይችላል።

ከዋጡ ወይም ከተፉ በኋላ ሰከንድ ይቁጠሩ። ፈረንሳዮች ለዚህ መለኪያ ስም አላቸው፣ «ኮዳሊ» ይሉታል፤ አንድ ኮዳሊ አንድ ሰከንድ ነው። የሚቆጠረው የፍሬው ጣዕም የቆየበት ጊዜ እንጂ የመራራነቱ ወይም የቃጠሎው አይደለም። ከ5 በታች ተራ ወይን፣ 8 አካባቢ ጥሩ፣ ከ12 በላይ ደግሞ ተጨማሪ ዋጋ የሚገባው ነው። ከሁሉም መለኪያ ለማጭበርበር የሚከብደው ይህ ነው፤ ስንጥር እንጨት መዓዛን፣ ስኳር ልስላሴን ይሰጣሉ፣ ርዝመትን ግን ጥሩ ፍሬ ብቻ ነው የሚሰጠው።

ጣፋጭ ቀይ ወይን፣ ለምሳሌ አክሱማይት፣ ለለመደ አፍ የአውሮፓ ደረቅ ቀይ በመጀመሪያው ጉንጭ የተበላሸ ሊመስል ይችላል። ፍርዱን ከሦስተኛው ጉንጭ በኋላ ያድርጉት፤ ምላስ ኮምጣጣነቱን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል።

አረፋማዎቹ፦ ሻምፓኝ፣ ክሬማን፣ ካቫ፣ ፕሮሴኮ

በስሕተት ገንዘብ በብዛት የሚወጣው እዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው። የፈረንሳዮቹ ሻምፓኝና ክሬማን፣ የስፔኑም ካቫ የሚሠሩት በአንድ ዘዴ ነው። የፈላው ወይን ከስኳርና ከእርሾ ጋር ጠርሙስ ውስጥ ይታሸጋል፣ እዚያው ሁለተኛ ጊዜ ይፈላል፣ አረፋውም መውጫ ስለሌለው ወይኑ ውስጥ ይቀልጣል። ግፊቱ 5 እስከ 6 አትሞስፌር ይደርሳል። ሥራውን የጨረሰው እርሾ ይሞትና አተላ ሆኖ ከወይኑ ጋር ይቆያል፤ ከምጣድ የወጣ ድፎ ዳቦ ቅርፊት የሚመስለው መዓዛ የሚመጣው ከዚህ አተላ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ስንት ወር ከአተላው ጋር ቆየ የሚል ነው።

ዓመት ያልተጻፈበት ሻምፓኝ ቢያንስ 15 ወር ጓዳ ውስጥ መቆየት አለበት፣ ከዚያ 12ቱ ከአተላው ጋር ነው። ዓመት የተጻፈበት 3 ዓመት ይቆያል። ክሬማን ቢያንስ 9 ወር ከአተላው ጋር፣ ካቫም 9 ወር ነው። ግን ካቫ «ሬሰርቫ» ሲባል 18፣ «ግራን ሬሰርቫ» ሲባል 30 ወር ይሆናል። እዚህ ጋ ቆም ብለው ያስሉ፤ የ30 ወር ካቫ ከተራው ሻምፓኝ በአተላ ላይ እጥፍ በላይ ቆይቶ በብዙ ሱቅ በግማሽ ዋጋው ይሸጣል።

ታዲያ ሻምፓኝ ለምን ተወደደ? በሻምፓኝ ምድር 4,000 ኪሎ ፍሬ ተጨምቆ 2,550 ሊትር ብቻ እንዲወሰድ ሕጉ ያዛል። ይህ በጠርሙስ 1.2 ኪሎ ያህል ነው። የአንድ ኪሎ ፍሬ ዋጋ ደግሞ 6 እና 7 ዩሮ አካባቢ ስለሚደርስ ከሥራው በፊት ፍሬው ብቻ ከ7 ዩሮ በላይ አውጥቷል። የካቫ ፍሬ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይረክሳል። ስለዚህ በ15 ዩሮ የሚሸጥ ሻምፓኝ ሲያዩ ደስ አይበልዎ፤ ከፍሬው፣ ከጠርሙሱና ከቀረጡ በኋላ ለጊዜ የቀረ ገንዘብ የለም። የዚህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ ኮምጣጣና ሸካራ ነው። በዚያ ዋጋ ከአልዛስ፣ ከሉዋር ወይም ከቡርጎኝ የመጣ ክሬማን ያለ ጥርጥር ይሻላል። ወደ 30 ዩሮ የሚከፍሉ ከሆነ ደግሞ በወረቀቱ ጥግ ላይ በጥቃቅን የላቲን ፊደል «አር-ኤም» የሚል ኮድ ይፈልጉ፤ ገበሬው የራሱን ፍሬ ራሱ ጠመቀ ማለት ነው። «ኤን-ኤም» የሚለው ፍሬ የሚገዛ የንግድ ቤት ነው፤ መጥፎ ማለት አይደለም፣ ግን ከዋጋው ላይ ለማስታወቂያ የሚሄደው ድርሻ ይበዛል።

ፕሮሴኮ የተለየ ነገር ነው። ቢያንስ 85 ከመቶው ግሌራ ከሚባል ፍሬ ሲሆን ሁለተኛው ፍላት የሚካሄደው በታሸገ ትልቅ የብረት ጋን ውስጥ ነው። የዳቦ መዓዛ የለውም፣ እንዲኖረውም አልታሰበም። የአረንጓዴ ፖም፣ የፒርና የአበባ ሽታው ትኩስ ሳለ መጠጣት አለበት፤ ሁለት ዓመት የቆየ ፕሮሴኮ በቅናሽ ቢቀርብ አይግዙ። ተጨማሪ 3 ወይም 4 ዩሮ ማውጣት ከፈለጉ «ኮኔሊያኖ ቫልዶብያዴኔ» ከሚባሉት ቀጥ ያሉ ኮረብታዎች የመጣውን ይውሰዱ፤ እዚያ የሚፈቀደው በሄክታር 13,500 ኪሎ ነው፣ ለቀማውም በአብዛኛው በእጅ ነው። ፕሮሴኮ ከብርቱካን ጭማቂ ጋር ለሚቀላቀልበት ግብዣ ግን ተራው ይበቃል። ሻምፓኝን ከጭማቂ መቀላቀል ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

የጣፋጭነት ቃላቱ ወጥመድ ናቸው። «ብሩት» በሊትር ከ12 ግራም ያነሰ ስኳር አለው። «ኤክስትራ ድራይ» ደረቅ ይመስላል፣ ግን ከ12 እስከ 17 ግራም ነው፤ ማለትም ከብሩት ይጣፍጣል። «ዴሚ-ሴክ» ከ32 እስከ 50 ግራም ነው፣ ለኬክ የሚሆነውም ይኸው ነው። በጣም ደረቁን የሚፈልግ «ብሩት ናቱር» ይበል፣ ከ3 ግራም በታች ነው።

ለመቅመስ ጠርሙሱን በረዶና ውሃ በተቀላቀለበት ባልዲ 30 ደቂቃ ያቆዩት። ሞቆ ከተከፈተ ግማሹ መሬት ላይ ይቀራል። ብርጭቆው ላይ የሳሙና ቅሪት ካለ አረፋው ወዲያው ይሞታል፣ ሰዎችም «ወይኑ ያረጀ ነው» ብለው ይፈርዳሉ። በሙቅ ውሃ አለቅልቀው አየር ላይ ያድርቁት።

ሪዮሃ፦ ክሪያንሳ ወይስ ሬሰርቫ?

ዋጋን መማር ለሚፈልግ ሰው ከሪዮሃ የሚሻል ትምህርት ቤት የለም፤ ጊዜው ጠርሙሱ ጀርባ ባለው ማኅተም በቀለም ተጽፏልና። አረንጓዴው ማኅተም የቆይታ ግዴታ የሌለበት ነው። ቀዩ ክሪያንሳ ሲሆን ቢያንስ 2 ዓመት፣ ከዚያ 1ዱ በበርሜል። የወይን ጠጅ ቀለሙ ሬሰርቫ፣ 3 ዓመት፣ ከእሱም ቢያንስ 1 ዓመት በበርሜልና 6 ወር በጠርሙስ። ሰማያዊው ግራን ሬሰርቫ፣ 5 ዓመት፣ ቢያንስ 2ቱ በበርሜልና 2ቱ በጠርሙስ። ይህ ለቀዮቹ ነው።

የአንድ ጠማቂ ክሪያንሳና ሬሰርቫ ገዝተው ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በአውሮፓ ሱቆች የመጀመሪያው 8 ዩሮ፣ ሁለተኛው 14 ዩሮ አካባቢ ይሆናል። በክሪያንሳው ውስጥ ቀይ ፍሬና ቫኒላ ተለያይተው ይሸታሉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረበ ይመስላል። በሬሰርቫው ተዋህደዋል፤ ቆዳ፣ ትንባሆ፣ የደረቀ በለስ ይጨመራል፣ ታኒኑም ረግቷል። ቆጠራው በሁለት ወይም በሦስት ሰከንድ ካልረዘመ 6 ዩሮው አልተመለሰም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ክሪያንሳውን ይውሰዱ። በእኛ ግምት ከጠቅላላው አውሮፓ ለገንዘቡ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ጥሩ ሬሰርቫ ነው፤ ሌላ ቦታ ገዢ ጓዳው ውስጥ ማቆየት ያለበትን ዓመታት እዚህ ጠማቂው ራሱ ጠብቆ ይሸጣል።

ግራን ሬሰርቫ ለሁሉም ሰው አይደለም። ትኩስ ፍሬ የሚወድ ሰው 25 ዩሮ ከፍሎ የደረቀ ቅጠልና እንጉዳይ ሲሸተው ያዝናል። በተጨማሪም ግራን ሬሰርቫ የሚያምረው በጥሩ ዓመት ሲለቀም ነው፤ 2010 እና 2011 የሪዮሃ ቁጥጥር ምክር ቤት «እጅግ በጣም ጥሩ» ካላቸው ዓመታት ናቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ሬሰርቫ» በስፔን፣ «ሪዘርቫ» በጣሊያን ሕግ ያላቸው ቃላት ናቸው። በፈረንሳይ ወረቀት ላይ ያለው «ሬዘርቭ» ግን በአብዛኛው ምንም አያስገድድም። «የድሮ ሐረግ» የሚለውም እንዲሁ፤ ስንት ዓመት ሲሆነው ድሮ እንደሚባል የሚወስን የአውሮፓ ሕግ የለም።

ኪያንቲና ኪያንቲ ክላሲኮ

እነዚህ የጣሊያን ቀዮች አንድ ወይን በሁለት ደረጃ አይደሉም፤ የተለያየ ቦታና የተለያየ ሕግ አላቸው። ክላሲኮ በፍሎረንስና በሲዬና መካከል ካለው ጥንታዊው ኮረብታማ ምድር የሚመጣ ሲሆን ቢያንስ 80 ከመቶው ሳንጆቬዜ የሚባል ፍሬ ነው፣ አንገቱ ወይም ጀርባው ላይ ጥቁር አውራ ዶሮ አለው። ዶሮው ከሌለ ክላሲኮ አይደለም። ክላሲኮ ሪዘርቫ 24 ወር፣ በ2014 ገበያ የገባው «ግራን ሴሌሲዮኔ» 30 ወር ይቆያል። ለቲማቲም ምግብ ተራው ክላሲኮ ከሪዘርቫው ይሻላል፤ ኮምጣጣነቱ ከቲማቲሙ ጋር ይስማማል፣ እንጨቱም አይጋፋም። ብሩኔሎ ዲ ሞንታልቺኖ የተባለውን ውድ ቀይ መግዛት ከከበደ ከዚያው ቦታና ከዚያው ፍሬ የሚሠራው ሮሶ ዲ ሞንታልቺኖ በግማሽ ዋጋ ወይም ከዚያ ባነሰ ይገኛል፣ ዋናው ልዩነት የሚቆይበት ጊዜ ማጠሩ ነው።

ቦርዶ፦ ጎረቤቱን ይጠይቁ

በቦርዶ ወንዙ ፍሬውን ይከፍላል። በግራ ዳር፣ በሜዶክ ጠጠራማ ምድር፣ ካቤርኔ ሶቪኞን ይነግሣል፤ ታኒኑ ጠንካራ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል። በቀኝ ዳር፣ በሳንት-ኤሚሊዮንና በፖምሮል ሸክላና የኖራ ድንጋይ ላይ፣ ሜርሎ ይበዛል፤ የለዘበ ነው፣ ቶሎ ይጠጣል። ለዛሬ እራት የሚገዛ ወደ ቀኝ ዳር ይሂድ።

የዝዋዩን የካስቴል ሪፍት ቫሊ ሜርሎ የቀመሰ ሰው ጥሩ መነሻ አለው፤ ካስቴል ራሱ የቦርዶ ቤት ነው። ከቀኝ ዳር ሜርሎ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጡ የፀሐይ ልዩነት በግልጽ ይታያል። የዝዋዩ ፍሬ የበሰለና ሞቅ ያለ ነው፣ የቦርዶው ቀዝቀዝ ያለ፣ ኮምጣጣነቱ ጎላ ያለና አፈር አፈር የሚል ነው።

ቃላቱን እንጠንቀቅ። «ግራን ቫን ደ ቦርዶ» የደረጃ ስም አይደለም። «ሳንት-ኤሚሊዮን ግራን ክሩ» ደግሞ የቦታ ስም ነው፣ መቶዎች ይይዙታል፤ በምርመራ የተመረጠው «ግራን ክሩ ክላሴ» የሚለው ነው። የ1855ቱ ዝነኛ የሜዶክ ዝርዝር አምስት እርከን አለው። ዝርዝሩ ከወጣ ጀምሮ የታወቀው የእርከን ለውጥ ሻቶ ሙቶን ሮትሺልድ በ1973 ወደ አንደኛ ከፍ ማለቱ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ታሪክን እንጂ የዛሬን ብርጭቆ አይመሰክርም።

ዋጋ የሚገኘው ከጎረቤት ነው። ከሳንት-ኤሚሊዮን በስተምሥራቅ ያለው ካስቲዮን በብዙ ቦታ ተመሳሳይ የኖራ ድንጋይና ተመሳሳይ ሜርሎ አለው፤ 10 እስከ 15 ዩሮ ይበቃዋል። ፍሮንሳክና ላላንድ-ደ-ፖምሮልም እንዲሁ። የ13 ዩሮ ካስቲዮንን ከ28 ዩሮ ሳንት-ኤሚሊዮን ጋር ሸፍነው ይቅመሱ፤ በርዝመት ካልተሸነፈ የትኛውን በካርቶን እንደሚገዙ አወቁ። ዓመቱንም ይመልከቱ፦ 2013 ቀዝቃዛና ዝናባማ ነበር፣ 2016 ግን በርካሹ ቦርዶ እንኳ ጥሩ ነው። ከ5 ዓመት በታች የሆነን ቦርዶ ሰፊ ማሰሮ ወይም ጆግ ውስጥ ገልብጠው 1 ሰዓት ያናፍሱት። ከ20 ዓመት በላይ የሆነውን ግን አያናፍሱት፣ መዓዛው በደቂቃዎች ያልቃል፤ አተላውን ለመለየት ብቻ ቀስ ብለው ይገልብጡ።

ስለ ቡርጎኝ አጭር ነገር እንበል። «ግራን ክሩ» የሚባሉ 33 የከፍተኛ ደረጃ የወይን ቦታዎች አሉ፣ ሁሉም ተደምረው የክልሉ ምርት ጥቂት መቶኛ ናቸው፣ ዋጋቸውም ለተራ ገዢ አልተሠራም። በ20 ዩሮ የሚገኘው ቀይ ቡርጎኝ ብዙ ጊዜ ቀጭንና ኮምጣጣ ፒኖ ኗር ነው። በዚያ ገንዘብ ወደ ደቡብ ወርደው በቦጆሌ «ክሩ» ከሚባሉት 10 የተመረጡ ቦታዎች የአንዱን ወይን፣ ሞርጎንን፣ ፍለሪን ወይም ሙላን-አ-ቫንን ይግዙ። ፍሬው ጋሜ ነው፣ ከ13 እስከ 18 ዩሮ፤ በኅዳር ከሚሸጠው የቦጆሌ ኑቮ ጋር ግን አያምታቱት።

ሪስሊንግና የበርበሬ ገበታ

በጀርመን ሞዘል የሚሠራው ሪስሊንግ የሚባል ነጭ ወይን ወረቀቱ ከባድ ይመስላል፣ ግን አንድ ቁልፍ አለው፤ አልኮሉን ያንብቡ። ስኳር ወደ አልኮል ሲቀየር አልኮሉ ይጨምራል፣ ስለዚህ 8 ከመቶ የሚል ሪስሊንግ ያልተቀየረ ስኳር ቀርቶታል፣ ይጣፍጣል። 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደረቅ ነው። «ትሮከን» የሚለው ቃል ደረቅነቱን ያረጋግጣል፣ በሊትር እስከ 9 ግራም። «ካቢኔት»፣ «ሽፔትሌዘ»፣ «አውስሌዘ» የሚሉት ፍሬው ሲለቀም የነበረውን የስኳር መጠን እንጂ በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ጣፋጭነት አይናገሩም፤ ሽፔትሌዘ ትሮከን አለና። ከዲሴምበር 8 ቀን 2023 በኋላ በተሠሩ የአውሮፓ ኅብረት ወይኖች ላይ ደግሞ የንጥረ ነገር መረጃ ግዴታ ሆኗል፤ ብዙውን ጊዜ በስልክ በሚነበብ ኮድ ይገኛል። እዚያ በ100 ሚሊ ሊትር የተጻፈውን ስኳር በ10 ያባዙት፣ የሊትሩ ግራም ይወጣል።

ይህ ወይን ለዶሮ ወጥ ወይም ለሚጥሚጣ ክትፎ ገበታ ይሆናል። በርበሬ አልኮሉንና ታኒኑን ያባብሳል። 14.5 ከመቶ አልኮል ያለው፣ በአዲስ በርሜል የቆየ ቀይ ከዶሮ ወጥ ጋር ሲጠጣ አፍ ይቃጠላል፣ ወይኑም መራራ ይሆናል። ለዚህ ገበታ የ10 ዩሮ ካቢኔት ከ30 ዩሮ ቀይ ይበልጣል፤ ትንሽ ስኳሩ ቃጠሎውን ያበርዳል፣ ኮምጣጣነቱ ቅቤውን ይቆርጣል። ቀይ ካልሆነ የሚል እንግዳ ካለ ቀዝቀዝ ያለ የቦጆሌ ክሩ ይቅረብለት።

ርካሹን ከተበላሸው መለየት

ጥሩ ወይን ተበላሽቶ ሲቀርብ ገዢው «ይህ ስም ዋጋ የለውም» ብሎ እንዳይፈርድ ብልሽቶቹን ማወቅ አለበት። የረጠበ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ከሸተተ፣ ፍሬውም ከጠፋ፣ ቡሹ ውስጥ ያለ «ቲ-ሲ-ኤ» የተባለ ንጥረ ነገር ነክሶታል። ሲናፈስ ይብሳል እንጂ አይሻልም፤ ጠርሙሱን ዘግተው ከደረሰኝ ጋር ይመልሱ። አቼቶ ወይም የጥፍር ቀለም ማጥፊያ ከሸተተ የአሴቲክ ባክቴሪያ ሥራ ነው። ነጩ ቡናማ ሆኖ የተመታ ፖም ከሸተተ አየር ገብቶበታል። የፈረስ ጋጣና የቁስል ፕላስተር ሽታ ብሬታኖማይሲስ ከተባለ እርሾ ነው፤ ጥቂቱን የሚወዱት አሉ፣ ብዙው ግን ፍሬውን ይሸፍናል። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ግን ተስፋ አይቁረጡ፤ በኃይል አሽከርክረው 10 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ብዙ ጊዜ ይሄዳል።

ቡሹ ወደ ላይ ተገፍቶ ከወጣና አንገቱ ከተጣበቀ ጠርሙሱ በሙቀት ተጎድቷል፤ ከሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ የመታውን አይግዙ፣ በተለይ ጠርሙሱ ቀለም የሌለው ብርጭቆ ከሆነ። ከታች የሚታየው ስኳር የሚመስል ክሪስታል ግን ብልሽት አይደለም፣ ከቅዝቃዜ የረጋ የወይን አሲድ ነው።

በመጨረሻ የሁለተኛ ቀን ፈተና አለ፣ ለአረፋማ ላልሆኑት። ከሁለቱም ጠርሙስ ሲሶውን አስቀርተው በቡሹ ይዝጉና ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩ። በማግስቱ ቀዮቹን ከፍሪጅ አውጥተው 40 ደቂቃ ካቆዩ በኋላ እንደገና ሸፍነው ይቅመሱ። በአየር የተጋለጠ ደካማ ወይን በ24 ሰዓት ፍሬው ጠፍቶ አልኮልና እንጨት ብቻ ይቀራል፤ ጠንካራው ይከፈታል፣ አንዳንዴም ከትናንቱ ይረዝማል። ዋጋውን፣ ዓመቱን፣ የሁለቱን ቀን ቆጠራ ጽፈው ይያዙ፤ ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት ያው ስም በአዲስ ለቀማ ሲመጣ አንድ ጠርሙስ ብቻ ገዝተው ከጻፉት ቁጥር ጋር ያስተያዩት።